ደስታን ስለ መማር

ሰው ሁሉ ደስታን ይፈልጋል፤ ስለ መፈለጉም አይነቀፍም፤ እግዚአብሔር ሰውን ለኀዘን አልፈጠረውምና። ነገር ግን የሚበዙት ሰዎች ደስታን እንደ ጠፋ ዕቃ ከውጭ ይፈልጉታል። ተማሪው ይህን ፈተና ያለፍሁ እንደ ሆነ ደስ ይለኛል ይላል፤ ባለፈም በሳምንቱ ስለሚመጣው ፈተና ይጨነቃል። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደመወዙ እንዲጨመርለት ሲመኝ ይከርማል፤ በተጨመረለትም ጊዜ ለባልንጀራው ከእርሱ የበለጠ እንደ ተጨመረለት ይሰማና እንጀራው ይመርረዋል። ደመወዙ አልጐደለም፤ ልቡ ግን እንደ ቀድሞው ቀዳዳ ነው። በቀዳዳ እንስራ ውኃ ቢያፈስሱበት መቼ ይሞላል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች መልእክቱን ሲጽፍ እስረኛ ነበረ። በዚያው መልእክት ስለ ደስታ ደጋግሞ ይናገራል፤ በ4ኛውም ምዕራፍ ቢያጣም ቢያገኝም ባለው መርካትን እንደ ተማረ ይመሰክራል። ተማረ የሚለውን ቃል ልብ አድርግ። በደማስቆ መንገድ ብርሃን በበራበት ቀን ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰጠኝ አላለም። መጠራቱ የአንድ ሰዓት ነገር ነበረ፤ መማሩ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ዛሬ ፊደል የቆጠረ ሕፃን ነገ ዳዊት አይደግምም፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ ስለ ነፍሱ ትምህርት ግን ሰው ሁሉ ይቸኩላል።

ጳውሎስም በጠባዩ ቁጡ ሰው ነበረ ብንል አንሳሳትም። ማርቆስ የሚባለው ወጣት በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበርና በሁለተኛው ጉዞ አብሮን አይሄድም ብሎ ከበርናባስ ጋር እስኪለያዩ ድረስ ተከራከረ፤ ይህም በሐዋርያት ሥራ 15ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። (እኔስ በዚያ ቀን ፍርዴ ወደ በርናባስ ያደላል፤ መጽሐፉ ግን በአንዳቸውም አልፈረደም።) ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ማርቆስ ለአገልግሎት የሚጠቅመው ሰው መሆኑን ገልጦ ይዞት እንዲመጣ ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። ማርቆስ አድጓል፤ ጳውሎስም አድጓል። የጣለውን ሰው መልሶ ለመፈለግ የበቃ ልብ በወህኒ ቤት ደስ ቢለው አያስደንቅም፤ ቂም የያዘ ሰው ግን በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ እስረኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያለህ ይብቃህ የሚለውን ምክር አንዳንድ ጌቶች የሠራተኛቸውን አፍ ለመዝጋት ያውሉታል። የአገልጋዩን ደመወዝ ይዞ ስለ መርካት የሚሰብክ ሰው የያዕቆብን መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ያንብብ፤ የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽ፤ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ በዚያ ያገኛል። መርካትን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይማረዋል እንጂ በሌላው ጫንቃ ላይ አይጭነውም።

ታዲያ በምን ይማሩታል? የሚያሳድግ እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ከሰማይ ነው ብሎ ማረሻውን የሚሰቅል ገበሬ የለም። ማታ ከመተኛትህ በፊት ዛሬ ምን አገኘሁ ብቻ አትበል፤ ዛሬ ለማን ጠቀምሁ ብለህም ራስህን መርምር። ብድር ቢኖርብህ ክፈል፤ ለመክፈል ባትችል ወደ አበዳሪህ ሄደህ ችግርህን ንገረው፤ መንገድ እየለወጥህ አትሽሸው። በዚህ ከተማ ስንት ሰው አንድን ጎዳና ስለ አሥር ብር ትቶ በዙሪያው ይሄዳል! ወንድምህን አስቀይመህ እንደ ሆነ ሽማግሌ እስኪላክብህ አትጠብቅ። የባልንጀራህንም ሹመት በሰማህ ጊዜ እግርህ ቢከብድህም ቤቱ ሄደህ እንኳን ደስ ያለህ በለው። በመጀመሪያ ጊዜ ምላስህ ብቻ ይለዋል፤ ይህንንም አውቀህ አትፈር፤ ደጋግመህ ስታደርገው፤ ስለ እርሱም ስትጸልይ፤ ልብህ ቀስ እያለ ምላስህን ይከተለዋል። በሌላው ደስታ ደስ የሚለው ሰው ደግሞ የደስታው ምክንያት ይበዛለታል እንጂ አይጎድልበትም።

በአገራችንም የዚህን ትምህርት ምሳሌ የሚሻ የኦነሲሞስ ነሲብን ኑሮ ይመልከት። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣና በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 በፋሲካ ተጠመቀ። ኦነሲሞስ የሚለው ስም በጽርእ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው፤ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለትም ባሪያ ይህ ስም ነበረው። እርሱም በሸጡት ሰዎች ላይ ቂም ሲቆጥር አልኖረም፤ አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰና በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ማስተማር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ተከሰሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በነቀምቴ እንዲቀመጥ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ተከለከለ። ስለዚህ ነገር ያደረበትን ኀዘን እኛ አንመረምርም፤ ያደረገውን ግን እናውቃለን። ስብከቱን ባጣ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ልጆችን ያስተምር ነበር፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሲሰጠው ደግሞ ስብከቱን ቀጠለ፤ በ1931 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ሥራ ኖረ።