የእናት መታሰቢያ በማን ዘንድ ይገኛል?

ተዝካር ለማውጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ልጆችን የሚያነጋግር ካህን ሁሉ ይህን ነገር ሳያይ አይቀርም። የእናታቸው አርባ ደርሷል፤ በሬው ተገዝቷል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ለድንኳኑም ቀብድ ተከፍሏል። ካህኑ በጸሎትና በቅዳሴ ጊዜ ስሟን ለማሳሰብ «የእናታችሁ ስመ ክርስትና ማን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ታላቁ «ወለተ ማርያም ሳትሆን አትቀርም» ይላል፤ ሁለተኛው «የለም፥ ወለተ ሚካኤል ናት» ይላል፤ ሦስተኛይቱ ዝም ትላለች። በመጨረሻ ከጎረቤት አንዲት አሮጊት ተጠርታ ትመጣና የሟችቱን ስም ትነግራቸዋለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ «እማዬ» እያሉ የጠሯት ሴት በጸሎት ጊዜ በምን ስም እንደምትታሰብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም ነበር።

ይህን የምጽፈው ልጆቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከእነርሱ የተሻልሁ አለመሆኔን ወደ ፊት እናገራለሁ። ነገር ግን ተዝካር የሚለው ስም ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፥ ትርጓሜውም መታሰቢያ ማለት መሆኑን እያወቅን፥ ማንን እንደምናስብ ሳንጠይቅ ማለፋችን ያስደንቃል። የምናስበው እናታችንን ነውን? ወይስ ከሞተች በኋላ ለራሳችን በሚመቸን አኳኋን የሠራናትን ሌላ ሴት?

አንዳንድ ሰዎች ሙታንን አብዝቶ መናፈቅ ትንሣኤን እንደ መካድ ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ብዙ ሊያቆየን አይገባም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ያራቀው ተስፋ የሌለውን ኀዘን ነው እንጂ ኀዘንን ፈጽሞ አይደለም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ይስሐቅንም እንመልከት። ሣራ እርሱን ስትወልድ ዘጠና ዓመቷ ነበር፤ በ127 ዓመቷ ዐረፈች፤ ስለዚህ እርሱ በሞተች ጊዜ የ37 ዓመት ሰው ነበረ ማለት ነው። ርብቃን ሲያገባ ደግሞ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። መጽሐፍ ስለ እናቱ ሞት የተጽናናው ያን ጊዜ፥ ርብቃን ወደ እናቱ ቤት ባስገባት ጊዜ እንደ ሆነ ይነግረናል። የተስፋው ልጅ ሦስት ዓመት አዝኖ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን፤ ማንም ግን እምነት ጐደለው ብሎ አልነቀፈውም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም የአንዲት እናት ልጆች አንድ እናት የላቸውም። ታላቁ ልጅ የሚያውቃት ወጣት ሳለች፥ ጕልበቷ ገና ሳይደክም፥ ቍጣዋም ቅርብ ሳለ ነው፤ ስለዚህ እናቴ ብርቱ ነበረች ይላል። የመጨረሻው ልጅ የሚያውቃት ደክማ፥ በብዙ ነገር ተሸንፋ፥ ስሕተትን ሁሉ ዝም ብላ የምታልፍ ሆና ሳለ ነው፤ ስለዚህ እናቴ የዋህ ነበረች ይላል። ከቤት ርቆ የሄደው በናፍቆት ያስባታል፤ ከቤት የቀረችው ደግሞ በዕለት ሥራ ታስባታለች። ሁሉም እውነት ይናገራሉ። ዳሩ ግን እናቲቱ በሕይወት ሳለች እነዚህን አራት ሴቶች በአንድ ሰውነት ይዛ ትኖር ነበርና ጠብ አይነሣም፤ ስትሞት ግን እያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ድርሻውንም ሙሉ እናቱ ናት ብሎ ያምናል። የመሬትና የቤት ክርክር በሽማግሌ ያልቃል፤ የዚህ ግን ሽማግሌው ማን ነው?

እንግዲህ የራሴን ልናገር። እኛ በወሎ፥ በዋድላ ደላንታ አውራጃ የተወለድን አራት ልጆች ነን። እኔ ሁለተኛው ነኝ። በ1974 ዓ.ም.፥ በ12 ዓመቴ፥ ለትምህርት ከቤት ስወጣ እናቴ አላለቀሰችም። በሶ ቋጥራ፥ ለምዴን በትከሻዬ ላይ አስተካክላ «ሂድ» አለችኝ እንጂ እስከ ደጃፉ እንኳ አልሸኘችኝም። ከዚያ በጋይንት በቤተልሔም ድጓ፥ በኋላም በዙር አባ ዝማሬ መዋሥእት ተማርሁ፤ ስለ ሙታን የሚዜመውን ሁሉ ለሌላው ሰው እናት ሳዜም ኖርሁ። እናቴ በ2001 ዓ.ም. ስታርፍ ደርሼ ቀበርኋት።

በአርባዋ ዕለት ተነሥቼ ስለ እርሷ ተናገርሁ። ጎረቤቶች የነገሩኝን ይዤ ነው የተናገርሁት። እኔ ከሄድሁ በኋላ እናታችን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለሚመጣ ተማሪ ሁልጊዜ አንድ እንጀራ ለይታ ታስቀምጥ ነበር። በ1977 ዓ.ም.፥ በወሎና በትግራይ ያ ታላቅ ረኀብ በሆነበት ዓመት እንኳ ይህን ልማዷን አልተወችም። ይህን እያነሣሁ ለኤልያስ እንጎቻ ከጋገረችው ከሰራፕታዋ መበለት ጋር አመሳሰልኋት። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። ታናሽ እኅቴ ግን ከመካከል ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገረችኝም። እኔም ነገሩ በቤቱ ምክንያት ነው ብዬ አሰብሁ፤ ታላቅ ወንድማችን ቤቱን ለመከራየት አስቦ ነበርና። እንዲህ ሆነን ሰባት ዓመት ያህል ቆየን። ካህን ነኝ፤ በእነዚያ ዓመታት ስንቱን ባልና ሚስት፥ ስንቱን ወንድማማች እንዳስታረቅሁ እግዚአብሔር ያውቃል። የራሴን ግን ዝም ብዬ አለፍሁት፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

በእነዚያ ዓመታት አንድ የመጽሐፍ ቃል እያነበብሁ ሳላስተውለው ኖሬአለሁ። ርብቃ ያዕቆብን ትወድ ነበር፤ ይስሐቅ ዔሳውን። ያዕቆብን ወደ ካራን የሰደደችው እርሷ ናት። ዔሳው ግን ከአባቱ ጋር ቀረ። ኦሪት ዘፍጥረት የርብቃን ሞት ሳይተርክ፥ በአብርሃም መቃብር መቀበሯን ብቻ ጠቅሶ ያልፋል። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን በምዕራፍ 35 በሰፊው ይተርከዋል። ርብቃ የምትሞትበት ጊዜ መድረሱን ባወቀች ጊዜ ዔሳውን ጠርታ ሁለት ነገር ለመነችው፤ አንደኛው በሣራ አጠገብ እንዲቀብሯት፥ ሁለተኛው ከወንድሙ ጋር እንዲዋደዱ ነው። ያዕቆብንም ጠርታ ዔሳው እያለ ይህንኑ አዘዘችው። ሁለቱም ቃል ገቡላት። በዚያች ሌሊት ከሁለቱ ልጆቿ ጋር በላች፥ ጠጣች፥ ዐረፈችም፤ ዔሳውና ያዕቆብም በአንድነት ቀበሯት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ይስሐቅም ከሞተ በኋላ የዔሳው ልጆች አባታቸውን በወንድሙ ላይ አስነሡት። መጀመሪያ መሐላውን ጠቅሶ ከለከላቸው፤ በኋላ ግን ተሸነፈ። መጽሐፉ በምዕራፍ 37 የሚለው ነገር ያስፈራል፤ ዔሳው በልቡ ተሰውሮ የኖረውን ቂም ሁሉ ዐሰበ፥ ለአባቱና ለእናቱ የማለውን ግን አላሰበም ይላል አሳቡ። ሁለቱም ማሰብ ነው። ቂምም የሚኖረው በመታሰብ ነው፤ አደራም የሚኖረው በመታሰብ ነው። ዔሳውን ሁላችን በቀላሉ እንፈርድበታለን። እኔ ግን አሁን አሁን የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ከቤት የቀረውን፥ የእናቱ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ካራን መንገድ ሲመለከት ያየውን ልጅ፥ ምን እንደ ተሰማው የጠየቀው ሰው ነበርን?

በ2008 ዓ.ም. ለሰባት ዓመቷ መታሰቢያ ሁላችን ተሰበሰብን። በዋዜማው ሌሊት ውኃ ፈልጌ ወደ ማድቤት ብገባ እኅቴ ብቻዋን ዱቄት ትነፋለች። ከቀሰስሁ ጀምሮ «አባ» እያለች፥ እርስዎ እያለች ነበር የምትጠራኝ። በዚያች ሌሊት ግን ቀና ሳትል «አንተ» አለችኝ።

«አንተ፥ ነገ ደግሞ ስለ እንጀራው ልትናገር ነው?» አለችኝ።

ዝም አልሁ።

«እንጀራው የእኔ ነበር» አለች። ከዚያም ነገረችኝ። በ1977 ዓ.ም. ዐሥር ዓመቷ ነበር። ገብሱ አልቆ እናታችን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ትጋግር ነበር፤ ለልጆቹ ግማሽ ግማሽ ትሰጥና አንዱን ሙሉውን ሌማት ውስጥ ትከድነዋለች። ተማሪው ራሱ በረኀቡ ተበትኖ ነበርና ብዙ ቀን የሚመጣ የለም። ያን ጊዜ እናታችን እንጀራውን ድርቆሽ አድርጋ በስልቻ ታኖረዋለች እንጂ ለልጆቹ አትመልሰውም። አንድ ማታ እኅቴ ሌማቱን ከፍታ በላች። እናታችን ልጅ የመምታት ልማድ አልነበራትም፤ በዚያ ማታ ግን መታቻት፤ «ይህ የወንድምሽ ነው፤ እኔ የሰው ልጅ ካላበላሁ የእኔን ልጅ ማን ያበላዋል?» እያለች መታቻት።

«ሁለት ዓመት ከአልጋ አልነሣ ስትል ያጠብኋት፥ ያገላበጥኋት እኔ ነኝ» አለች እኅቴ። «እወዳታለሁ። ግን እንጀራው የእኔ ነበር። አንተ በሰው ፊት ቆመህ ቸርነቷን ስትናገር፥ ማን ከፈለው ብለህ አልጠየቅህም።»

መልስ አልነበረኝም። በመጽሐፈ ነገሥት የሰራፕታዋ መበለት ለነቢዩ አስቀድማ ጋገረች፤ እኛ ሰባክያን ይህን ስናመሰግን የመበለቲቱን ልጅ እንረሳለን። ነገር ግን በዚያ ቤት ዱቄቱ ከማድጋው አልጐደለም፤ ልጁም ከእናቱ ጋር በላ። በእኛ ቤት ዱቄቱ ጐደለ። ምጽዋት ሰው ከራሱ ድርሻ የሚሰጠው ነው። እናቴ የራሷን ድርሻ እንደ ሰጠች አልጠራጠርም፤ የዐሥር ዓመት ልጅን ድርሻ ሳትጠይቅ ጨምራ መስጠቷ ግን ልክ አልነበረም። ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም። አንዳንድ አንባቢ፥ እናትህን አክብር የተባለው ካህን እንዴት የእናቱን ስሕተት ያወጣል ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ቅዱሳት መጻሕፍት የርብቃን ማዳላት፥ ሣራም አጋርን ማሳደዷን ሳይሸሽጉ እንደ ጻፉልን አስባለሁ፤ ስለዚህም እነዚህን እናቶች ከማክበር አልተከለከልንም። የሸሸግነው ስሕተት ለእናቲቱ ክብር አይጨምርላትም፤ የተጎዳውን ልጅ ብቻ ከመታሰቢያዋ ያስወጣዋል። እኅቴ በአርባዋ ዕለት ከድንኳኑ ስትወጣ ያስወጣኋት እኔ ነበርሁ።

ደግሞም ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት፥ በጋይንት፥ ከአንድ ደጃፍ ቆሜ ስለምን አንዲት ትንሽ ልጅ ጭብጥ ቆሎ ይዛ ወጣች። እጇን ወደ አኮፋዳዬ ዘረጋች፥ ጣቶቿን ግን ቶሎ አልፈታችም። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ሲጠራት ለቀቀችው። እኔ በላሁት፤ ጣፈጠኝም። ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የዚያችን ቤት እናት ሳመሰግን ኖርሁ፤ ስለ ልጂቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጸለይሁም ነበር። የዚያን ሌሊት ከማድቤቱ ወጥቼ ጸለይሁላት፤ ስሟን ስለማላውቅ ያቺ ልጅ ብዬ ነው የጸለይሁላት።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ምንም ንግግር አላደረግሁም። እናቴ በሄድሁ ጊዜ ለምን እንዳላለቀሰች የተረዳሁት ግን በዚያች ሌሊት ነው። ያላለቀሰችውን ሁሉ በዚያ ሌማት ውስጥ ትከድነው ነበር። ይህን የነገረችኝ ያ እንጀራ የተወሰደባት ልጅ ናት፤ እርሷ ባትነግረኝ ኖሮ፥ ደጃፉ ድረስ ያልሸኘችኝን ሴት ብቻ ይዤ ወደ መቃብር እወርድ ነበር። እርሷም በበኩሏ እናታችን በ1974 ዓ.ም. በሶውን ስትቋጥር እጇ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ከእኔ ሰማች፤ እኔም ይህን ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም ነበር።

አሁን አራታችንም በየዓመቱ በዚያች ዕለት እንገናኛለን። በሬ አናርድም፤ ንፍሮና ጠላ ይበቃናል። ለተዝካር ሲባል በብድር የገቡ ቤተ ሰቦችን ብዙ አይቻለሁና ይህን ብቻ በመንገዴ ላይ ላንሣው። ታላቅ ወንድማችን ስለ ቍጣዋ ይናገራል፤ የመጨረሻው ያንን አያምንም፤ ይከራከራሉ። እኅቴ ዛሬም ስለ እናታችን በሙሉ አፏ ምስጋና አትናገርም፤ እኔም አላስገድዳትም።

ባለፈው ዓመት የታናሽ ወንድማችን ልጅ፥ አያቷን ያላየችው፥ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጕሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል እኅቴ ከወዲያ ማዶ «ይቆዩ አባ፥ እርስዎ እዚያ አልነበሩም» አለችና ልጂቱን ወደ ራሷ ስባ መናገር ጀመረች።