ስሕተቱን የሚከፍለው ገላ

በሸረሪት እግር መጋጠሚያ አጠገብ፣ በጠንካራው ቅርፊቷ ላይ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ስንጥቆች አሉ። የቆመችበት ነገር ሲርገበገብ ስንጥቆቹ ይጠብባሉ ወይም ይሰፋሉ፤ ከሥራቸው ያለው ነርቭም ወሬውን ያደርሳታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ቀዱ። 20 ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የፕላቲነም ሽፋን በለስላሳ ፖሊመር ላይ አንጥፈው ሆን ብለው ሰነጣጠቁት። ስንጥቆቹ ጥቂት ሲከፈቱ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በእጅጉ ይለወጣል። ሽፋኑ የእጅ አንጓ ላይ ሲለጠፍ የደም ሥርን ትርታ፣ አንገት ላይ ሲለጠፍ ደግሞ የንግግርን ንዝረት ለየ። ሌሎችም የጌኮ እንሽላሊትን መዳፍና የኦክቶፐስን መምጠጫ እየተመለከቱ፣ ላብ ባለበት ገላ ላይ እንኳ የማይላቀቁ የጤና መከታተያ ልጣፎችን ሠርተዋል። ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው። ከፍጡራኑ ምን ወስደን ምን እንደተውን ግን ብዙም አልተጠየቀም።

ከፍጥረት መማር ለሃይማኖት አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ታካችን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ይልከዋል፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለ መጽሐፍም አራዊትንና አዕዋፍን እያነሣ ከየአንዳንዳቸው ለነፍስ የሚሆን ትምህርት ያወጣል። እርግጥ ፊሳልጎስ ስለ አራዊት የሚነግረን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፤ የሞቱ ጫጩቶቿን በደሟ የምታስነሣ ወፍ የለችም። በዚህ በኩል መሐንዲሱ ይበልጠዋል፤ ስንጥቁን አይቷል፣ ለክቷል፣ ፈትኗል። ጥንታዊው መጽሐፍ ግን ፍጡሩን የሚያነበው ከነኑሮው ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ ከማን እንደሚሸሽ፣ እንዴት እንደሚሞት እያነሣ። መሐንዲሱ ብልቱን ከኑሮው ነጥሎ ይወስዳል፤ ነጥሎ ሲወስድም አንድ ነገር ይቀርበታል። በሸረሪቷ ዘንድ የሚያውቀው፣ የሚንቀሳቀሰውና የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው አንድ ገላ ነው። ንዝረቱን ያልለየች ሸረሪት ወይ ትራባለች፣ ወይ በሌላ ትበላለች። ከእርሷ የተቀዳው መለኪያ ሲሳሳት ግን በራሱ ላይ የሚደርስበት የለም፤ ከፋዩ የለበሰው ሰው ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የሚያርፍበት ሰው ስለ ገላው የሚናገረው ቃል ከመለኪያው ቁጥር በታች ሊቆጠር አይገባም እላለሁ።

ይህን የሚቃወም ሰው ጠንካራ ምክንያት አለው፤ ገላ ራሱ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ስትሮክ እስኪያመጣ ድረስ ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። ውጤቱ በ2019 የታተመው የአፕል የልብ ጥናት 419,297 ሰዎችን በእጅ ሰዓት ተከታተለ፤ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ደረት ላይ የሚለጠፈውን የልብ ምት መመዝገቢያ ተጠቅመው ከመለሱት በ34 በመቶዎቹ ላይ መዛባቱ ተገኘ። (ሰዓቱ የሚሠራው በብርሃን ነው እንጂ ከሸረሪት በተቀዳ ስንጥቅ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።) ሰው ስለ ገላው ሁሉን ያውቃል ለሚል ይህ በቂ መልስ ነው። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ ሰዓቱ የቆመው እንደ ምስክር ነው፤ እሱ ጠቆመ፣ ሐኪም ጠየቀ፣ ሌላ መሣሪያ አጣራ። ችግሩ የሚመጣው ምስክሩ በዳኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሰጠውን ቁጥር ከደም ናሙና ውጤት ጋር አስተያዩ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት በጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ፣ በነጭ ሕሙማን 3.6 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በመቶ በታች ነበር። ጊዜው የኮቪድ ነው፤ ማን አልጋ እንደሚያገኝ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሲወሰን ይህ ቁጥር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው እውነቱን ይናገራል፤ ጣቱ ላይ ያለው መሣሪያ ደህና ነህ ይለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ያወጣው መመሪያ ለመሣሪያው መፈተኛ ቢያንስ 10 ሰዎች በቂ እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ጥቁር ቆዳ ያላቸው ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ እንዲሆኑ ይል ነበር። የሸረሪት ስንጥቅ የተፈተነው በሸረሪት ገላ ላይ ነው፤ ይህ መለኪያ ግን በአብዛኛው የተፈተነው በሌላ ሰው ገላ ላይ ነበር። ጥቁር ቆዳ ላለው አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ፈላስፋው ደግሞ ይነሣና ሸረሪቷም ብትሆን ሽቦና ነርቭ እንጂ ሌላ ምን አላት ይላል። ሊሆን ይችላል። ክርክሬ ለሸረሪት ነፍስ አለመኖር ወይም መኖር ዋስ አይጠራም፤ የሚፈልገው ስትሳሳት የምትጎዳው እርሷ መሆኗን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚክድ የለም። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ መናገር የማይችሉትስ? ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ በስትሮክ አንደበቱ የታሰረ ሽማግሌ፣ ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ቃል የላቸውም፤ ለእነርሱ ለስላሳው ልጣፍ ከብዙ መከራ የሚያድን ነው። ይህን ሳላንገራግር እቀበላለሁ። ነገር ግን በእነርሱም ዘንድ ከአልጋው አጠገብ የማትለይ እናት፣ ሌሊቱን የምታድር ነርስ አለች። ልጁ ዛሬ ልክ አይደለም ስትል ቁጥሩ ደህና ስለሆነ ብቻ ዝም በይ ልትባል አይገባም።

ያው የአሜሪካ ባለሥልጣን ስለ ኦክስጅን መለኪያው በ2025 መጀመሪያ ያወጣው ረቂቅ መመሪያ የተፈታኞቹ ቁጥር ወደ 150 ከፍ እንዲልና የቆዳ ቀለም ልዩነት በአግባቡ እንዲታይ ጠየቀ። መልካም ነው፤ የመለኪያውን ስሕተት ይቀንሳል። ስሕተቱ በደረሰ ጊዜ ግን ለሕመምተኛው የሚናገርበት ቦታ አይሰጠውም። ያ ቦታ የሚከፈተው በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን ሕመምተኛው የተናገረው በራሱ አነጋገር ሲጻፍ፣ ሁለቱ ሲጣሉም ሐኪሙ የደም ናሙና ሳይወስድ ማንንም ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ ሲታዘዝ።