በሬው ገደሉን አይቶት ቢሆንስ?

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት የሚነገረው በሬው ከወደቀ በኋላ ነው። አፋፍ ላይ ቆሞ ሲግጥ ማንም አይተርትለትም። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ነጋዴ ሲከስር፣ ትዳሩን የበተነ ሰው ሲዋረድ፣ ቡና ላይ ይህች ተረት ትመዘዛለች። ፍርዷም ያው ነው፤ የበሬው ጥፋት አለማየቱ ነው፣ ገደሉን ቢያይ ኖሮ በተመለሰ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በፈተና የወደቁትን ብናስተውል፣ ገደሉን አይተው የገቡበት ብዙ ናቸው። ሔዋን ፍሬውን ከመቁረጧ በፊት ትእዛዙን ለእባቡ የነገረችው ራሷ ናት፤ ሞት እንደሚያስከትል ጭምር። ዳዊት ከሰገነቱ ስላያት ሴት ሲጠይቅ የኦርዮ ሚስት መሆኗ ተነግሮታል። እንዲያመጧት ሰው የላከው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን ደመወዙን በወጣ ማግስት ለቤቲንግ የሚያስረክበውን ወጣት ጠይቁት። አቋማሪው ቤት እንጂ ተጫዋቹ እንደማይበላ ከማንም ሰባኪ በተሻለ ያስረዳችኋል፤ አስረድቶም ሳይጨርስ ስልኩን ያወጣል።

ታዲያ ማየት ካላዳነ ምን ያድናል? የዳዊትን ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም ዓይናችን ሰገነቱ ላይ ያርፋል። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ነገሥታት ለጦርነት በሚወጡበት ወራት ኢዮአብ ሲዘምት ዳዊት ኢየሩሳሌም ቀረ። ዮሴፍ በተቃራኒው የጲጥፋራ ሚስት ዕለት ዕለት ስትጨቀጭቀው እምቢ ከማለቱም በላይ አጠገቧ መገኘትን ይሸሽ ነበር። የመጨረሻዋ ሰዓት ስትመጣ ልብሱን እጇ ላይ ትቶላት ሮጠ። ሮጦ አመለጠ መባል በእኛ አገር ለወንድ ልጅ ብዙም አያስፎክርም፤ ለዚህ ይመስለኛል ስለ ፈተና ስናወራ «ቆሜ አሸንፋለሁ» ማለት የሚቀናን።

ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። አፋፍ ላይ ያለው ሣር የሚለመልመው ሌላ ከብት ስለማይደርስበት ነው። እረኛም በሬውን ቁጭ አድርጎ ስለ ገደል አያስተምረውም፤ ከአፋፉ ይመልሰዋል እንጂ። ተረቷ እረኛውን ጨርሳ ረስታዋለች።

ሰውንም ከአፋፉ የሚመልስ እረኛ አለ፤ ዐቢይ ጾምን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በእነዚያ 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ይዞ ይጠብቃል፣ ቤት ውስጥ ቅቤ አይነጠርም፣ ጎረቤትም ይጾማል። የጿሚው ጽናት ግማሹ የሰፈሩ ነው። ይህም ዋሽንግተን የሄደ ዕለት ይታወቃል። መሥሪያ ቤት የአንዱ ልደት ነው ተብሎ ኬክ ይቆረጣል፣ ምሳ ላይ የፒዛው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አይቡ እየተሳበ ይነሣል፣ ደግሞም ማንም «ጾም አይደል እንዴ?» አይለውም። ሰውዬው ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ዙሪያውን ያጠረለት ሕዝብ ነው የቀረበት።

ይሁን እንጂ ሽሽትም ወሰን አለው። ጌታ የተፈተነው ገዳመ ቆሮንቶስ፣ የሚያጓጓ ነገር በሌለበት ምድረ በዳ ነው። መምህራን ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ይሏቸዋል፤ ቢያንስ ትዕቢት ገበያ አያስፈልገውም። ግብፅ በረሃ የገቡት መነኮሳትም ከተማውን እንጂ ሐሳባቸውን ትተው አልሄዱም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤቫግሪዮስ ስምንቱን ክፉ ሐሳቦች የዘረዘረው ግብዣም ሸንጎም በሌለበት በዚያው በረሃ ተቀምጦ ነው። እነዚያ አባቶች ከደረሱባቸው መፍትሔዎች አንዱ ሐሳብን ሳያሳድሩ ለአረጋዊ አባት መግለጥ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በኃልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በድርጊት) ይሠራል ይባላል፤ ወደ ንስሐ አባታችን የምንሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ በገቢር የሆነውን ይዘን ነው። የኃልዮው፣ ገና ሣሩን እያየን ሳለን የሚነገረው፣ አፋችን ላይ ይቀራል። ያፍራል ሰው። የንስሐ አባትም በዓመት ሁለት ሦስቴ ጠበል ሊረጩ የሚመጡ ብቻ ከሆኑ ማን ይነግራቸዋል?

አጥሩ ውስጥ የሚበቅል ሣር ደግሞ አለ። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳይገድፍ የፈጸመ ሰው፣ በጾሙ እንቁላል የቀመሰውን ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን አለ። የሉቃስ ወንጌሉ ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር፤ ዐሥራቱን ያወጣል፣ ከቀማኛና ከአመንዝራ ርቋል። ቀራጩን የናቀውም ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆሞ፣ ጸሎት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ የበለጠ የታጠረ ቦታ ከወዴት ይገኛል?