ዳኛው ያላየው ግብ

በቋንቋችን በችሎት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም፣ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ በሜዳ ላይ የሚሮጠውም በአንድ ስም «ዳኛ» ይባላሉ። የእግር ኳስ ጨዋታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ለሁለተኛው አዲስ ስም መፈለግ አላስፈለገንም፤ የቀደመውን ስም ስንሰጠው ግን የቀደመውን ግዴታም አብረን ሰጥተነዋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የተጓደለ ፍርድ ሲያጋጥመን «ጨዋታ ነው» ብለን ለማለፍ እንቸገራለን።

ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በዓል በኋላ በዋለው እሑድ፣ በሐይቅ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ሜዳ የሁለት ሰፈር ወጣቶች ሲጋጠሙ ለማየት ቆመን ነበር። የግቡ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው፤ መረብ የላቸውም። መስመሩም በአመድ የተሰመረ በመሆኑ ከፊሉን የጠዋቱ ዝናብ አጥቦታል። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ኳስ ከጭቃው ላይ ተመትታ ወደ ግቡ ሄደች፤ ግብ ጠባቂው ወድቆ ወደ ደረቱ ሳባት። ገብታለች፣ አልገባችም የሚል ጩኸት ተነሣ። ዳኛው በአካባቢው የሚያስተምር መምህር ሲሆን በዚያች ቅጽበት ከሜዳው መካከል አላለፈም ነበር፤ ጨዋታው ይቀጥል አለ። ወዲያው አንድ ወጣት የእጅ ስልኩን ይዞ ወደ ሜዳው ገባና «ይኸው ቀርጬዋለሁ፣ ተመልከተው!» አለ። መምህሩ ስልኩን በእጁ ገፋ አድርጎ «እኔ ያየሁት ይበቃል» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁካታ መዘርዘር አያስፈልግም።

እውነቱ በምስል ተይዞ በፊቱ ሲቀርብለት ዓይኑን የሚመልስ ዳኛ ፍርድ አጓደለ አይባልምን? በዚያ ምሽት ይህ ጥያቄ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ገባ።

አጓደለ የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ምስክር አላቸው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ናይጄሪያን ገጠመ፤ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ የቀረው ይህ ጨዋታና መልሱ ብቻ ነበር። ገና ግብ ሳይቆጠር ከእኛ ወገን የተመታ ኳስ ከግቡ መስመር ላይ በተከላካይ ተመለሰ። ተጫዋቾቻችን መስመሩን አልፏል ብለው ጮኹ፤ ግቡ ግን አልጸደቀም። በኋላ በኃይሉ አሰፋ ቢያስቆጥርም ኢማኑኤል ኤመኒኬ ሁለት አግብቶ፣ ሁለተኛውንም በመጨረሻው ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምት፣ ጨዋታው 2 ለ 1 በእንግዶቹ አሸናፊነት ተፈጸመ። በኅዳር ወር በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈን ጉዞው አበቃ። ያች ኳስ ጸድቃ ቢሆን ኖሮ እናልፍ ነበር ብለን አንከራከርም፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሊያውቀው አይችልም። የሚያስቆጨን ሌላ ነገር ነው። ኳስ መስመር ማለፉን የሚለይ መሣሪያ በሥራ ላይ እንዲውል የእግር ኳሱ ሕግ አውጪ ቦርድ የፈቀደው ሰኔ 28 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር፤ በብራዚሉም ውድድር መሣሪያው ተተክሎ ሠርቷል። ወደ ዋንጫው በሚወስደው መንገድ ላይ ግን በአዲስ አበባ አልነበረም። ከበሩ ውስጥ ለገቡት የተዘረጋው ፍትሕ ከበሩ ውጭ ለቆሙት አልደረሰም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ በተለምዶ «ቫር» የምንለው፣ የካቲት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በሕግ ተፈቅዶ በዚያው ዓመት በሩሲያ የዓለም ዋንጫ ላይ ዋለ። አገራችን ያፈራቻት ሊዲያ ታፈሰ በ2007 ዓ.ም. በካናዳ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ ለተካሄዱት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች በዳኝነት ስትመረጥ፣ የመጀመሪያው ያለ ቫር፣ ሁለተኛው ከቫር ጋር ነበር። አንዲት ዳኛ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳኝነት አየች።

ነገር ግን ምስል ሁሉን ነገር እኩል አያሳይም። ኳስ መስመር አለፈ ወይስ አላለፈም የሚለው በልክ የሚታወቅ ጉዳይ ነው። እጁ ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው የነካት? ግፊያው ለመውደቅ የሚያበቃ ነው? እነዚህ የሚመዘኑ እንጂ የሚለኩ አይደሉም፤ ምስሉ አሥር ጊዜ ቢደጋገምም መዛኙ ሰው ነው። በዚህ ረገድ አሜሪካውያን፣ በእጅም በእግርም በሚጫወቱት በራሳቸው «ፉትቦል»፣ ከእኛ ቀድመው ብዙ ተፈትነዋል። ምስል መልሶ ማየትን በ1978 ዓ.ም. ጀመሩ፤ በ1984 ዓ.ም. ተዉት፤ በ1991 ዓ.ም. አሻሽለው መለሱት። አሠልጣኙ ቀይ ጨርቅ ወደ ሜዳ ወርውሮ ይግባኝ ይላል፤ ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ከተፈቀዱለት የእረፍት ጥሪዎች አንዱን ያጣል። በከንቱ የሚሟገት ዋጋ እንዲከፍል ማድረጋቸውን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደነዋል። ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን በኒው ኦርሊንስ ከተማ ለፍጻሜ በሚያሳልፈው ጨዋታ ላይ አንድ ተከላካይ ኳሱ ሳይደርስ ተቀባዩን ገጨው፤ ዳኞቹ ዝም አሉ፤ ሕጉም ያን ዓይነቱን ጥፋት በምስል ለማየት አይፈቅድም ነበር። አገር ሙሉ ያየውን ዳኛ ብቻ እንዳያይ ተከለከለ። በሚቀጥለው ዘመን ጥፋቱ በምስል እንዲታይ ፈቀዱ። ያም በአንድ ዓመት ተሻረ፤ ምስሉን እያዩ አንዱን ግጭት ጥፋት፣ መሰሉን ደግሞ ጥፋት አይደለም ማለት የባሰ ቅሬታ ወለደና።

የተቀረጸ ነገር ክርክርን አይዘጋም ስንል የአምባሰል ሰው የሩቅ ምሳሌ አያሻውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከእኛው መንደር ከውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ተደርጎ ተወሰደ። ሁለቱም ወገን «በጽሑፍ ይዣለሁ» ይል ነበር፤ ሁለቱም ይዞ ነበር። የጎደለው ሁለቱ የሚያምኑት አንባቢ ነው። ነገሩም ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ። ምሳሌው ከኳስ እጅግ የከበደ መሆኑን እናውቃለን፤ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ግንቦት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በቱኒዚያ ራዴስ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ የሞሮኮው ዊዳድ ያስቆጠረው የአቻነት ግብ ተሻረበት። ተጫዋቾቹ በምስል ይታይልን አሉ፤ መሣሪያው እንደማይሠራ ተነገራቸው፤ እነርሱም አንጫወትም አሉ። ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ፤ ክርክሩ እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። ምስል በሌለበት ዘመን የዳኛውን ስህተት እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ እንቀበለው ነበር። ምስል አለ ከተባለ በኋላ መጥፋቱ ግን በደል ሆኖ ይቆጠራል፤ ተስፋ ተሰጥቶ መነሣቱ ከመጀመሪያውም ካልተሰጠው ይልቅ ያማል።

ወደ ሐይቁ ሜዳ እንመለስ። በዚያ እሑድ ከአጠገባችን የቆሙ አንድ አረጋዊ ነበሩ፤ በወሎ ባህል «አበጋር» ከሚባሉት፣ ደም የተቃቡትን ከሚያስታርቁት ሽማግሎች አንዱ ናቸው። ሁካታው በርትቶ ሳለ ወደ እኛ ዘንበል ብለው «ስልክ የያዘው የማን ወገን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ግቡን ካገባው ሰፈር መሆኑን ነገርናቸው። «የዚያኞቹስ ስልክ የት አለ?» አሉ። አልነበረም። ወጣቱ በዚያው ጨዋታ የራሱ ወገን ያጠፋውን ሁሉ እንዳልቀረጸ፣ ወይም ቀርጾ እንዳላሳየ፣ ያን ጊዜ ገባን። መምህሩ ስልኩን መግፋቱ ከትዕቢት የመነጨ ቢሆን እንኳ ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን፤ የአንዱን ወገን ዓይን ተውሶ በሌላው ላይ መፍረድ አይገባውምና።

ይሁን እንጂ ሁሉንም ትክክል አላደረገም። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሙትና ዳኝነት ያስይዙት ነበር። ያ የመንገድ ዳኛ ነገሩን በዓይኑ አላየም፤ ምስልም የለውም። ሥራው መጠየቅ ነበር፤ አንተስ ምን ትላለህ፣ አንተስ? ብሎ ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ ይሰማል። የእኛ መምህር ካየው በቀር ማንንም አልጠየቀም።

መጠየቅ ምን ይጠቅማል፣ ማንስ በራሱ ላይ ይመሰክራል? የሚል አይጠፋም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፎ ነበር። በሜዳ ላይ ማንም አላየም፤ ስህተቱ ያለው በወረቀት ውስጥ ነው። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አሸንፈን አዲስ አበባ በደስታ ስትጨፍር ፊፋ ምርመራ መጀመሩ ተሰማ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን ጥፋቱን አመነ፤ ሦስቱ ነጥብ ተቀነሰ። በጊዜው ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኛም ተቆጥተን ነበር። ቁጣው ግን በቸልተኝነቱ ላይ እንጂ በማመኑ ላይ መሆን አልነበረበትም። ቡድኑም በጳጉሜን ወር ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ፈጸመ፤ ናይጄሪያን የገጠምነው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያን ግብ ጠባቂ አገኘነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስለዚያች ኳስ ስንጠይቀው ጥቂት ዝም አለና መስመሩን አልፋ እንደነበረ ነገረን። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርህም? አልነው።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ።