«አሲያ» የሚለው ስም ይቀየር?

 

«ልጃችንን አሲያ ብለናት ነበር፤ ትርጉሙ አመፀኛ ነው አሉን፣ እንቀይረው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል።

ግራ መጋባቱ የፊደል ነው። በአማርኛ አንድ አድርገን የምንጽፋቸው በዐረብኛ ሁለት ስሞች ናቸው። አንደኛው በ«ዐይን» ይጀምራል፣ በ«ሷድ» ይጻፋል፤ አዎ፣ እሱ አመፀኛ ማለት ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የዑመር (ረ.ዐ) ልጅ በዚህ ስም ትጠራ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ጀሚላ» አሏት፤ ውብ ማለት ነው።

ሌላው በ«አሊፍ» ይጀምራል፣ በ«ሲን» ይጻፋል። የፊርዓውን ሚስት ስም ነው። ይህንን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልቀየሩትም፤ እንዲያውም ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከመርየም ጋር፣ ምሉዕነት ላይ ከደረሱ ሴቶች ቆጥረው በስሟ ጠርተዋታል። ቁርአን ስሟን ባይጠቅስም በሱረቱ ተሕሪም 11ኛው አያ ላይ ለአማኞች ምሳሌ አድርጎ አቅርቧታል። እስቲ አስቡት፤ የምትኖረው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ አላህን የለመነችው ግን እርሱ ዘንድ በጀነት ቤት እንዲሠራላት፣ ከፊርዓውንና ከሥራውም እንዲያድናት ነበር። ሕፃኑን ሙሳን (ዐ.ሰ) አትግደሉት ያለችውም እሷው ናት።

ስለዚህ እህቴ፣ ስምሽ አሲያ ከሆነ ማንም አያስደንግጥሽ። እናትና አባትሽ አመፀኛ ሊሉሽ አላሰቡም! ልጃችሁን ልትሰይሙ ያሰባችሁ ደግሞ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ ስሙን በዐረብኛ ፊደል አስጽፉት። በሲን ከሆነ፣ አላህ ይባርክላችሁ፣ ዐቂቃውን አርዱ።