ከአልጋው ወደ ወንበሩ

ደቡብ ጎንደር የወንበር አገር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር የታች ቤት አቋቋም ማስመስከሪያ ናቸው፤ ከጣራ ገዳም ደን እስከ ጉና ግርጌ አኩፋዳ ያነገተ ተማሪ ያልረገጠው መንገድ የለም። በዚህ የአብነት ትምህርት ውስጥ ልብ ሳንለው የኖርነው አንድ ቁም ነገር አለ። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ በመሆኑ ዓይነ ስውሩ ልጅ ከዓይናማው እኩል ይቀጽላል፣ እኩል ይዘልቃል፤ ሲያስመሰክርም ወንበር ይዘረጋል፣ ዓይናማዎቹም ከእግሩ ሥር ቁጭ ብለው ይማሩለታል። ጎጃም ጽላሎ ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ሴትም ዓይነ ስውርም ሆነው፣ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ለወንዶች ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። የቆየው ሥርዓት ለሴት ልጅ ደጁን ዘግቶ መኖሩን አልክድም፤ የእማሆይ ገላነሽ ስም እስከ ዛሬ የሚነሳውም ብርቅ ስለነበሩ ነው። ለዓይነ ስውሩ ግን ማደሪያ ብቻ ሰጥቶ አልተወውም፤ ማስተማሪያ ወንበር ሰጥቶታል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን እስካሁን የበረቱት አልጋ በመስጠቱ ነው። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ኖሯል፣ ምድር ቤት ያለ ዶርም ይፈለጋል፣ ቲቶሪያል ይዘጋጃል። መልካም ነው። ከተመረቁ በኋላ ግን እነዚያኑ ልጆች በመምህርነትም ሆነ በተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋን ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ የባዮሎጂ ምሁሯን ያለምፀሐይ መኮንንን፣ ያየው ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። አንጋፋው እንዲህ ከሆነ በቅርቡ የተከፈቱት ደብረ ታቦርን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የእርሱን ያህል መጠበቅ የለባቸውም።

የተማሪዎች ዲን፣ ፕሮክተርና ካውንስለር በብዙዎቻችን ዓይን እንደ ትልቅ ሥራ አይቆጠሩም፤ ሌላ ቦታ ያልተገኘለት ሰው የሚመደብበት ይመስለናል። ተሳስተናል። ከእብናት ወይም ከስማዳ ገጠር የመጣች ፍሬሽማን የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲከብዳት መጀመሪያ የምታንኳኳው የፕሮፌሰሩን በር አይደለም፤ የፕሮክተሯን ነው። ዊዝድሮዋል ሞልታ ወደ ቤቷ ትመለስ ወይስ አንድ ኮርስ ድሮፕ አድርጋ ትቆይ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይወሰናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ቀዳዳ ሾልካ የመጣችን ልጅ የሚመክራት አጥታ እንድትመለስ ማድረግ ብክነት ነው። ችግሯን በራሱ ያየ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ ምስክር አለን። ከአማራ ሳይንት ተነስተው፣ በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ፣ ገና ተማሪ ሳሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎችን ማኅበር መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እስከ መቀበል ደርሰዋል።

«ዩኒቨርሲቲ የችሎታ ቦታ ነው፤ ለሰው ሲባል መስፈርት አይወርድም» የሚል ሙግት ይነሳል። ቀላል ሙግት አይደለም፤ ያልቻለን ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ያንኑ ሰው ነው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2010 ዓ.ም. የሠራው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በቁጥር አነስተኛ ውክልና ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ ይሰጥ ይል የነበረው፣ ነጥባቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ይህ መስፈርት ማውረድ አይባልም። ደግሞስ ችሎታ የምንለው ምንድን ነው? ነጭ በትር ይዞ አራት ዓመት በግቢው ውስጥ የተመላለሰ ምሩቅ የትኛው ደረጃ እንደተሰበረ፣ የትኛው መምህር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ይህንን ከዚህ ጋር» እያለ እንደሚያልፍ ያውቃል። ይህ እውቀት ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም፤ ለተማሪዎች አገልግሎት ሥራ ግን ዋናው እውቀት ነው።

ሌላው መልስ «እኛ ማስታወቂያ አውጥተናል፣ እነሱ አላመለከቱም» የሚለው ነው። ማስታወቂያውን እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ተለጥፏል። ዓይነ ስውሩ በስልኩ ድምፅ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል፤ መስታወት ውስጥ ያለ ወረቀት ግን አይናገርም። የመመዝገቢያው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን ደግሞ ማንም ያልቀጠረው ሰው ከየት ያመጣዋል? መመዝገቢያው አምስት ቀን ብቻ ከሆነ፣ የወር አራስ የሆነችው ምሩቅ ወሬውን ስትሰማ አልፏል። «አላመለከቱም» እንዲህ ያለውን የተዘጋ በር ሁሉ ከቆጠሩ በኋላ ብቻ የሚነገር ቃል ነው።

እንግዲህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዲኖች፣ ቀድማችሁ ወንበሩን ያገኛችሁ ሁሉ፣ ነገሩ በእጃችሁ ነው። ጎበዟን ተማሪ ከመመረቋ በፊት ጠርታችሁ ረዳት ምሩቅ መሆን እንደምትችል ንገሯት፤ ማንም ካልነገራት አታስበውም። የተቀጠረችውን ደግሞ ሴት ስለሆነች ብቻ ጾታ ጉዳይ ቢሮ፣ አካል ጉዳተኛውን ልዩ ፍላጎት ቢሮ ወስዳችሁ አትቆልፉባቸው፤ በጀት በሚመደብበትና ቅጥር በሚወሰንበት ኮሚቴ ላይም አስቀምጧቸው። ወላጆችም ልጃችሁ ፕሮክተር ወይም ካውንስለር ልሁን ስትል «ለዚህ ነው የተማርሽው?» አትበሏት። የሚቀጥለው ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊትም አንድ ሰው ይላክ፦ ከግቢው በር እስከ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ድረስ ስንት ደረጃ እንዳለ ቆጥሮ ይምጣ።