ሦስተኛው ወገን

እኛ አገር የአንድን መኪና ደህንነት ማወቅ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቦሎ አለው ወይ?» ብሎ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ማኅተም ማለት ነው። መስተዋት ላይ የምትለጠፈው ያቺ ወረቀት «ይህ መኪና ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኝቷል» ብላ እንድትመሰክር ነበር የታሰበችው። ብዙዎቻችን ዘንድ ግን ትርጉሟ «ትራፊክ ቢያስቆመኝ አልቀጣም» ከማለት አያልፍም። ማኅተሙ እንዳለ አለ፤ ምስክርነቱ ግን ከውስጡ ሾልኮ ወጥቷል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የተበላሸ ነገር የምንጠግነው ለማን ብለን ነው? ለመርማሪው ነው? ለራሳችን ነው? ወይስ ለሌላ፣ ስሙን እንኳ ለማናውቀው ሰው?

ጥያቄው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የራሴን መኪና ምሳሌ ላድርጋት። ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያለፈ ኮሮላ ናት። በዓመታዊው ምርመራ ወደቀች። ምክንያቱ የፊት እግሯ ነው፤ በግራ በኩል የታችኛው ቦል ጆይንት አልቋል፣ ጎሚኒዎቹም ተበልተዋል። ቦል ጆይንት ለማያውቀው ሰው የመኪና ትከሻ መጋጠሚያ ነው ቢባል ያስኬዳል። ክብ ራስ ያለው ብረት ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ገብቶ ጎማው ወደ ላይ ወደ ታች እንዲል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንዲዞር ያደርጋል። የምትሸፍነው ላስቲክ ስትቀደድ ግራሱ ያልቃል፣ አቧራና ውኃ ይገባል፣ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ ኳ ኳ ይላል። ቀስ በቀስ ሰውየው ድምፁን ይለምደዋል። አንድ ቀን ታዲያ ጉድጓድ ሲገባ ወይም ሲጠመዝዝ፣ ራሱ ከቤቱ ይወጣና ጎማው ይታጠፋል። ያን ጊዜ መሪው እጅ ላይ አለ፤ መኪናው ግን መሪውን አይሰማም።

ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ፣ ገና ወጣት ነው፣ በክሪክ አነሣትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ እንዲሠራልዎት የፈለጉት ቦሎው ነው መኪናው?» አለኝ።

መቀለዱ አልነበረም። ለቦሎው ብቻ ከሆነ መላ አለው። ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ለአንድ ቀን ይገጠምና ምርመራው ሲያልፍ ለባለቤቱ ይመለሳል። ደህና ጎማ ተከራይተው፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ከጎረቤት ተውሰው የሚያልፉም አሉ። ለመኪናው ከሆነ ግን ቦል ጆይንቱ በሁለቱም በኩል ይቀየራል፣ ጎሚኒዎቹ ይቀየራሉ፣ በመጨረሻም አላይመንት ይሠራል። የዋጋው ልዩነት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚወራ አይደለም። «መኪናዋን ሥራልኝ» አልኩት። ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላም አልለቀቀኝም።

ዊሊያም ክሊፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ጽሑፍ አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣልናል። መርከቧ አርጅታለች፤ ባለቤቱም ጥገና ሳያስፈልጋት እንደማይቀር ይጠረጥራል። ግን ስንቱን ማዕበል አልፋ የለ? ተሳፋሪዎቹንስ ፈጣሪ ይጥላቸዋል? እንዲህ እንዲህ እያለ ጥርጣሬውን ያባርርና ከልቡ አምኖ ይሸኛታል። መርከቧ ባሕር ላይ ትሰምጣለች፤ እሱ የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፎርድ እንደሚለው፣ ሰውየው ከልቡ ማመኑ ነጻ አያወጣውም፤ መርምሮ ሳይሆን ጥርጣሬውን አፍኖ ነው ያመነው። ቀጥሎ ደግሞ «መርከቧ በሰላም ብትደርስስ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያው ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው ሲሸኛት ነው፤ በሰላም መድረሷ ጥፋቱ እንዳይታወቅ ከማድረግ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም። ጸሐፊው ነገሩን በሩቅ ብቻ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1870 የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ሲጓዝ ሲሲሊ አጠገብ መርከብ ተሰብሮበት ተርፏል።

ይህ የመርከብ ባለቤት እኛ ሰፈርም አለ። «እስካሁን ምን ሆነ?» ይላል። «እግዜር ይጠብቀናል» ይላል። እግዜር መጠበቁን አልጠራጠርም። ግን ቦል ጆይንት መቀየርንም ለእርሱ መተው በስሙ መስነፍ ይመስለኛል።

እንዲህ ብዬ ስሰብክ አንድ የሚኒባስ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ አስቆመኝ። «አንተ ደሞዝተኛ ነህ» አለኝ። «እኔ መኪናው ሠራ አልሠራ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ። ጋራዥ የዋልኩ ቀን ልጆቼ ምን ይብሉ? መንገዱን ማን ቆፈረው? ዕቃውን ማን አስወደደው?» እውነቱን ነው፤ ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ችግር አያውቅም ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያሉት ከእኛው ጋር ያረጃሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን የሞተር ዘይት ባይቀየርለት እንጂ ቦል ጆይንት አለው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነም እግሩ የሚሸከመው አይቀልም።

ይሁን እንጂ የጎረቤቴ ክርክር አንድ ሰው ረስቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በ2005ም የተካው አዋጅ ቁጥር 799፣ ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድደዋል። አንደኛው ወገን ባለመኪናው ነው፤ ሁለተኛው መድን ሰጪው። ሦስተኛውስ? ውሉ ላይ ያልፈረመው፣ ዋጋ ሲነገር ያልተጠየቀው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሦስተኛው ወገን እንግዲህ ዳቦ ይዛ አስፋልት የምትሻገረው እናት ናት፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ነው።

ሳንጠግን የቀረነው ዕቃ ዋጋ የትም አይጠፋም። ከእኛ ኪስ ባይወጣ ወደዚህ ሰው ተላልፏል ማለት ነው። ብድር ነው፤ አበዳሪው ግን ማበደሩን አያውቅም። አበዳሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መኪና የሌለው፣ ከተበዳሪው የባሰ ድኻ ነው። ድህነት ምክንያት ይሆናል ካልን የድኻ ድኻውም ይቆጠር። የሚኒባሱ ባለቤትም ቢሆን ገቢውን ሲቆጥር ጥገናውን ከገቢው ላይ የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ አደጋውን ለሹፌሩና ለመንገደኛው ትቶ ትርፉን ብቻ መውሰድ አያምርበትም። መንገዱን ያልደፈነውም አካል እንዲሁ ዕዳ አለበት። የእነርሱ ዕዳ ግን የእኔን አይሰርዝልኝም፤ ጎማው ሲነቃነቅ በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለራስ ብቻ አይመስለኝም። እሳቱ የሚዛመተው ወደ ጎረቤት ጭምር ነው። መርማሪው መኪናችንን የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ያንን ቀን በውሰት ዕቃ ማለፍ ይቻላል። ሦስተኛው ወገን ግን በየቀኑ ፊታችን ይሻገራል፣ ቦሎውን አጎንብሶ አያነብም፣ ይቆማሉ ብሎ አምኖን ነው የሚራመደው።